ከሕዋስ ወደ ውጭ የሚወጣ ፕሮቲን በካንሰር ሕዋሳት ሕልውና ላይ ያለውን ውጤት መፈተሽ፦ በደሴ ከፍታ ላይ ለሚሠራ ላቦራቶሪ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

በሕዋስ ውስጥ የሚሠሩ ፕሮቲኖች ሁሉ እዚያው አይቀሩም። ከፊሎቹ በመነሻቸው ላይ የመላኪያ ምልክት ይዘው ስለሚሠሩ በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና በጎልጂ በኩል አልፈው ከሕዋሱ ይወጣሉ፤ በአካባቢው ባለ ሌላ ሕዋስ ገጽ ላይ ተቀባያቸውን ሲያገኙም የመኖር፣ የመከፋፈል ወይም የመሞት ትእዛዝ ያደርሳሉ። ኢንተርሉኪን 6 በብዙ የካንሰር ዓይነቶች ሕዋሱን ከሞት የሚከላከል መልእክት ነው፤ ከሕዋስ ገጽ ተቆርጦ የሚለቀቀው ትሬይል ግን ዲአር4 እና ዲአር5 በሚባሉ ተቀባዮች በኩል ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ የጤነኛ ሽፋን ሕዋሳትን ዕድገት የሚገታ ሲሆን፣ በገፋ ካንሰር ውስጥ ለዕጢው መስፋፋት ያግዛል። ስለዚህ «ይህ ፕሮቲን ካንሰርን ይገድላል ወይስ ያሳድጋል?» ተብሎ ብቻ የተጠየቀ ጥያቄ መልስ የለውም። የትኛው ሕዋስ፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ሁኔታ ላይ እያለ የሚለው አብሮ መነሳት አለበት።

ይህ መመሪያ ሕዋስ የማሳደግ መሠረታዊ ልምድ ላላቸው፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። ከውጭ የሚመጡት መመሪያዎች አብዛኞቹ በባሕር ወለል ከፍታ አካባቢ የተጻፉ በመሆናቸው፣ ጦሳ ተራራ ሥር ለተቀመጠ ኢንኩቤተር (የሕዋስ ማሳደጊያ ሣጥን) ቃል በቃል አይሠሩም። ከዚያው እንጀምር።

ከሁሉ በፊት፦ ከፍታውን ማስላት

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የአየር ግፊቷ በባሕር ወለል ካለው 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወደ 560 አካባቢ ይወርዳል። የሚዲየም (ሕዋስ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልክ፣ የሚወሰነው በውስጡ ባለው ባይካርቦኔትና በኢንኩቤተሩ ውስጥ ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፊል ግፊት ነው፤ በመቶኛው አይደለም። በባሕር ወለል 5 በመቶ ማለት 38 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን፣ ደሴ ላይ ግን ያው 5 በመቶ 28 ብቻ ይሆናል፤ በዚህም ምክንያት ሚዲየሙ በ0.1 ፒኤች ወይም ጥቂት ከዚያ በላይ ወደ አልካሊነት ያዘነብላል። ጉድለቱን ለመሙላት ደሴ ላይ ወደ 7 በመቶ የተጠጋ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከ6 በመቶ ጥቂት ከፍ ያለ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ቁጥሩን እንዲሁ ከፍ አድርጎ መተው አይበቃም። የኢንፍራሬድ ዳሳሽ ያላቸው አንዳንድ ኢንኩቤተሮች በእርግጥ የሚቆጥሩት በአንድ መጠን አየር ውስጥ ያለውን የጋዙን ብዛት ስለሆነ፣ ለከፍታው ካልተስተካከሉ በስክሪናቸው ላይ 5 የሚለው ቁጥር ከሚፈለገው ከፊል ግፊት ጋር ሊገጥም ይችላል፤ በዚያ ላይ ሌላ ጭማሪ ማድረግ ሚዲየሙን አሲዳማ ማድረግ ይሆናል። አስተማማኙ መንገድ ሕዋስ የሌለበትን ሚዲየም ክዳኑን አላልቶ ሌሊቱን ኢንኩቤተር ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት እንደወጣ ወዲያው በፒኤች መለኪያ መለካት፣ ከዚያም ከ7.2 እስከ 7.4 ድረስ እስኪያርፍ ጋዙን ማስተካከል ነው።

በእንፋሎት ግፊት ዕቃን ከተሕዋስያን የሚያጸዳው አውቶክሌቭም እንዲሁ ነው። በባሕር ወለል ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይደርሳል፤ ጌጁ የሚያሳየው ግን ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ያው 15 ከ117 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ዕቃው ይህን ግፊት እንዲችል የተሠራ መሆኑን ግን አስቀድመው ከአምራቹ ጽሑፍ ላይ ያረጋግጡ፤ የማይችል ከሆነ በዝቅተኛው ሙቀት ሰዓቱን ማራዘም ይሻላል። እኔ ይህን የተማርኩት በጀማሪነቴ ጌጁን አምኜ ያወጣኋቸው የፒቢኤስ (ፒኤቹ የተመጠነ የጨው ውኃ) ጠርሙሶች በሳምንቱ ደፍርሰው ሳገኛቸው ነው፤ የሦስት ሳምንት ሕዋስም አብሮ ሄዷል።

ጥያቄውን ማጥበብ

የሕዋሳት ቁጥር መቀነስና የሕዋሳት መሞት አንድ ነገር አይደሉም። ፕሌት በሚባለው ባለ ብዙ ጉድጓድ ሳህን ላይ አንድ ጉድጓድ ውስጥ 5,000 ሕዋሳት ዘርተው ከሁለት ቀን በኋላ ያልተነካው ጉድጓድ 20,000 ቢደርስ፣ ፕሮቲኑ የገባበት ደግሞ 12,000 ቢሆን፣ ስሌቱ «60 በመቶ» ይላል፤ ብዙ ተማሪዎችም «40 በመቶ ሞተዋል» ብለው ይጽፋሉ። ነገር ግን 12,000 ከተዘራው ከእጥፍ በላይ ነው፤ አንድም ሕዋስ ሳይሞት መከፋፈሉ ብቻ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚፈተነው ሞት ነው፣ የመከፋፈል ፍጥነት ነው ወይስ ከሞት መትረፍ የሚለው በመዝገብ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የሚያተርፍ ፕሮቲን ደግሞ ጥሩ ምግብ እያገኘ ባለ ሕዋስ ላይ ውጤቱ አይታይም፤ ሊታይ የሚችለው ሕዋሱ በሴረም (ሚዲየሙ ላይ የሚጨመር የደም ውኃ) እጥረት ወይም በመድኃኒት ሲጨነቅ ነው።

ሕዋሱን መምረጥና መመርመር

ቢያንስ ሁለት የሕዋስ ዘሮች ይምረጡ፤ አንዱ የፕሮቲኑ ተቀባይ ያለው፣ ሌላው የሌለው ወይም እጅግ ያነሰ። ተቀባዩ መኖሩን ከጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በራስዎ ሕዋስ ላይ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠኑ ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳይ ዘዴ) ወይም በፍሎው ሳይቶሜትሪ (ሕዋሳትን አንድ በአንድ በብርሃን በሚያነብ መሣሪያ) ያረጋግጡ። የእያንዳንዱን ዘር ጠባይ ማወቅም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚጠቀሙበት የጡት ካንሰር ዘር ኤምሲኤፍ-7 ካስፔዝ-3 የሚባለው የሕዋስ ራስን ማጥፋት ኤንዛይም ስለሌለው፣ የሞት ምልክቱን በዚህ ኤንዛይም የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሕዋሱ ማንነትም በአጭር ተደጋጋሚ ዲኤንኤ ምርመራ መረጋገጥ አለበት። በ1951 እ.ኤ.አ. ከሄንሪየታ ላክስ የማሕፀን ጫፍ ዕጢ ተወስዶ የተገኘው ሂላ የተባለው ዘር እጅግ ፈጥኖ ስለሚያድግ፣ በብዙ አገሮች የሌሎች ሕዋሳት ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ቦታውን እንደወረሰ በተደጋጋሚ ተደርሶበታል። ማይኮፕላዝማ ደግሞ የሕዋስ ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያ በመሆኑ ፔኒሲሊን አይነካውም፤ ሚዲየሙን አያደፈርስም፤ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሕዋሱን ሜታቦሊዝም ስለሚያዛባ የኤምቲቲን (በኋላ የምናየው የሕዋስ ሕልውና መለኪያ ማቅለሚያ) ንባብ ያበላሻል፤ በየወሩ በፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ በሚለይ ምርመራ) ይመርመሩ።

ፕሮቲኑን ማዘጋጀት

ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው የተጣራ ፕሮቲን መግዛት ነው። ዱቄቱ ሲደርስ ብልቃጡን ከመክፈትዎ በፊት በአጭሩ በሴንትሪፊውጅ ያሽከርክሩት፤ ከዚያ አምራቹ በሚያዘው መሟሟቻ፣ ብዙውን ጊዜ 0.1 በመቶ የከብት አልቡሚን ባለበት ፒቢኤስ፣ ያሟሙት። አልቡሚኑ የሚያስፈልገው በናኖ ግራም የሚቆጠር ፕሮቲን ከፕላስቲክ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንዳይቀር ነው። ለአንድ ቀን ሥራ በሚበቃ መጠን ከፋፍለው በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ያስቀምጡት፤ አንዴ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ። ፕሮቲኑ በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ የተሠራ ከሆነ የስኳር ቅጥያዎቹ እንደሚጎድሉት፣ የኢንዶቶክሲን (ከባክቴሪያው ሽፋን የሚመጣ መርዝ) ቅሪትም ሊኖርበት እንደሚችል ይታሰብ።

ሁለተኛው መንገድ ርካሽ ነው፤ ጥንቃቄው ግን ይበዛል። የፕሮቲኑን ጂን የያዘ ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ) ኤችኢኬ-293 በተባሉ ከሰው ኩላሊት የመነጩ ሕዋሳት ውስጥ ይገባል፤ በጎን በተዘጋጀ ሌላ ጠርሙስ ደግሞ ባዶው ፕላዝሚድ ይገባል። በማግስቱ ሚዲየሙ ሴረም በሌለበት ይተካና ከ48 ሰዓት በኋላ ይሰበሰባል፤ በ300 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ) ለ10 ደቂቃ፣ ቀጥሎ በ2,000 ጂ ለ10 ደቂቃ ይሽከረከርና ፕሮቲን በማይዝ ባለ 0.22 ማይክሮ ሜትር ማጣሪያ ያልፋል። የፕሮቲኑ መጠን በኤላይዛ (በአንቲቦዲ ፕሮቲንን በሚለካ ዘዴ) ሳይለካ «ይህን ያህል ሚሊ ሊትር ጨመርኩ» ማለት ዋጋ የለውም። በተጨማሪም ሁለት ቀን ሕዋስ የኖረበት ሚዲየም ግሉኮሱ የተበላ፣ ላክቲክ አሲድ የተጠራቀመበት ስለሆነ፣ በራሱ ሕዋስን ሊያደክም ይችላል፤ ለዚህ ነው ከአዲስ ሚዲየም ጋር እኩል ለእኩል የሚቀላቀለው፣ ከባዶው ፕላዝሚድ የተገኘው ሚዲየምም በየጊዜው አብሮ የሚፈተነው።

ፕሌቱን መዝራት

ሕዋሳቱ ከጠርሙሱ 70 ወይም 80 በመቶ ሲሸፍኑ ያንሷቸው። ደሴ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ ላቦራቶሪው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ፣ ትሪፕሲኑም (ሕዋሳቱን ከጠርሙሱ የሚያላቅቀው ኤንዛይም) ሚዲየሙም 37 ዲግሪ እስኪደርሱ በውኃ መሞቂያ መቆየት አለባቸው፤ ቀዝቃዛ ትሪፕሲን ይዘገያል፤ ሲዘገይ ደግሞ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ጠርሙሱን ይደበድባል። ሕዋሳቱን የሞተውን ብቻ ከሚያቀልመው ትሪፓን ብሉ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለው በሄሞሳይቶሜትር (በሕዋስ መቁጠሪያ መስታወት) ይቁጠሩ። የአራቱ ትልልቅ አራት ማዕዘኖች አማካይ 50 ሕያው ሕዋስ ከሆነ፣ 50 በ2 በ10,000 ተባዝቶ በሚሊ ሊትር 1,000,000 ሕዋስ ይሆናል። በ100 ማይክሮ ሊትር 5,000 ለማግኘት በሚሊ ሊትር 50,000 ስለሚያስፈልግ፣ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ በ9.5 ሚሊ ሊትር ሚዲየም ይቀጥናል።

ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ የዳር ጉድጓዶችን አይጠቀሙባቸው፤ ውኃቸው ፈጥኖ ስለሚተን ጨዉ ይጠነክራል፤ በተለይም በእኛ ቀጭን አየር። በፒቢኤስ ሞልተው ይተዉአቸውና በመካከል ባሉት 60 ጉድጓዶች ላይ ብቻ ይዝሩ። ፕሌቱን ወደ ኢንኩቤተር ከመውሰድ በፊት ጠረጴዛ ላይ ለ15 ደቂቃ ሳይነቃነቅ ማስቀመጥ ሕዋሳቱ ወደ ጠርዝ እንዳይጠራቀሙ ይረዳል። በዚያው ቀን ሌላ ትንሽ ፕሌት አብሮ ይዘራ፤ እርሱ ፕሮቲኑ በሚጨመርበት ሰዓት ተለክቶ የዜሮ ሰዓት ንባብ ይሆናል። ከላይ የተነሳውን የሞትና የመዘግየት ጥያቄ በከፊል የሚፈታው ይህ ንባብ ነው።

በማግስቱ ሚዲየሙ ሴረሙ ወደ 0.5 ወይም 1 በመቶ በተቀነሰ 100 ማይክሮ ሊትር ይተካል፤ ሴረም ራሱ የዕድገት ፕሮቲኖች ስብስብ በመሆኑ የምንፈትነውን ይሸፍንብናል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በእጥፍ ከተዘጋጀው የፕሮቲን መፍትሔ ሌላ 100 ማይክሮ ሊትር ይጨመራል። የመጨረሻዎቹ መጠኖች በሚሊ ሊትር 100፣ 33፣ 11፣ 3.7፣ 1.2 እና 0 ናኖ ግራም ቢሆኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ናቸው። የመጀመሪያው ቱቦ በሚሊ ሊትር 200 ናኖ ግራም ይይዛል፤ ከእርሱ 500 ማይክሮ ሊትር ተወስዶ 1,000 ማይክሮ ሊትር መሟሟቻ ወዳለበት ቀጣይ ቱቦ ይገባል፤ ከዚያም እንዲሁ። ወሎ ላይ ቡና ያፈላ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ አንዱ ከሌላው እንደሚቀጥነው ማለት ነው። ልዩነቱ እዚህ በየደረጃው የፒፔቱ ጫፍ መቀየሩና ቱቦው በሚገባ መደባለቁ ነው፤ ጫፉ ካልተቀየረ የአቦሉ ቅሪት እስከ በረካው ይዘልቃል።

60ዎቹ ጉድጓዶች እንዲህ ይከፈላሉ። ስድስቱ መጠኖች በሦስት በሦስት ጉድጓድ 18 ይወስዳሉ፤ እነዚያው መጠኖች ከመድኃኒት ጋር ሌላ 18። መድኃኒቱ ዶክሶሩቢሲን ወይም ሲስፕላቲን ሊሆን ይችላል፤ መጠኑም ቀደም ብሎ በተደረገ ሙከራ ግማሽ ያህሉን ሕዋስ የሚገድለው ነው። ሲስፕላቲንን ዲኤምኤስኦ በተባለው የተለመደ የኬሚካል መሟሟቻ ማሟሟት ኃይሉን ስለሚያጠፋው በ0.9 በመቶ የጨው ውኃ ያሟሙት። ቀጣዮቹ 18 ጉድጓዶች ለማነጻጸሪያ ናቸው፦ በሙቀት የከሸፈ ፕሮቲን፣ ፕሮቲን ከሚያግደው አንቲቦዲ ጋር፣ ፕሮቲን ከማይመለከተው ተመሳሳይ ዓይነት አንቲቦዲ ጋር፣ በእርግጠኝነት የሚገድል 1 ማይክሮ ሞላር ስታውሮስፖሪን፣ ሕዋስ የሌለበት ሚዲየም፣ እንዲሁም ሕዋስ የሌለበት ሚዲየም ከፕሮቲን ጋር። የቀሩት ስድስቱ አንቲቦዲው ብቻ ለገባባቸውና ምንም ላልተነካባቸው ይሁኑ። የ0 መጠን ማለት ባዶ ሚዲየም አለመሆኑን ያስተውሉ፤ አልቡሚን ያለበት ያው መሟሟቻ በእኩል መጠን የገባበት ነው።

በሙቀት ስለማክሸፍ አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ በፈላ ውኃ ውስጥ የተነከረ ቱቦ መመሪያዎች የሚያዙትን 95 ዲግሪ ፈጽሞ አይደርስም፤ ደረቅ ማሞቂያ ብሎክ ይጠቀሙ። ብሎኩም ቢኖር ትናንሽና በሰልፈር ድልድዮች የታሰሩ ፕሮቲኖች ሙቀት ይችላሉ፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ቲጂኤፍ ቤታ እንዲያውም ሲሞቅ ይነቃል። በሌላ በኩል ኢንዶቶክሲን ሙቀትን ስለሚቋቋም፣ የተቀቀለው ፕሮቲን እንደ ትኩሱ ከሠራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። በዚህ ምክንያት ከሙቀቱ ይልቅ አንቲቦዲውን አምናለሁ።

መለካት

በ24፣ በ48 እና በ72 ሰዓት የሚነበቡ የተለያዩ ፕሌቶች ይዘጋጁ። ኤምቲቲ በፒቢኤስ በሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ሆኖ ይሟሟል፤ ይጣራል፤ ከብርሃን ይጠበቃል። ለ200 ማይክሮ ሊትር 20 ማይክሮ ሊትር ጨምረው ለ3 ሰዓት ያህል ኢንኩቤተር ውስጥ ያቆዩት፤ ሐምራዊው ክሪስታል ሲታይ ፈሳሹን ቀስ ብለው ያስወግዱና በ100 ማይክሮ ሊትር ዲኤምኤስኦ ያሟሙት፤ ከዚያ በ570 ናኖ ሜትር ይነበባል። ሕዋስ የሌለበት ንባብ ከሁሉም ላይ ይቀነሳል። ያልታከመው 0.81፣ የታከመው 0.51፣ ባዶው 0.06 ከሆነ፣ 0.45 ለ0.75 ሲካፈል 60 በመቶ ይሰጣል። ይህ ዘዴ በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ በዓለም ሁሉ የተለመደ ቢሆንም፣ የሚለካው የሕዋሱን ማቅለሚያ የመለወጥ ሥራ እንጂ ሕይወቱን በቀጥታ አይደለም።

ሞትን ለማየት አኔክሲን ፋይቭና ፕሮፒዲየም አዮዳይድ የተባሉ ማቅለሚያዎች በፍሎው ሳይቶሜትር ይነበባሉ። እዚህ ላይ በጣም የተለመደው ስሕተት ተንሳፍፈው ያሉትን ሕዋሳት ከሚዲየሙ ጋር መድፋት ነው፤ የሞቱት እነርሱ ናቸውና መጀመሪያ ይሰበሰቡ። አኔክሲን የሚጣበቀው ካልሲየም ሲኖር ስለሆነ፣ ከትሪፕሲኑ ጋር የመጣውና ካልሲየምን የሚይዘው ኢዲቲኤ ታጥቦ መውጣት አለበት። በአኔክሲን ብቻ የበራው ራሱን በማጥፋት ጉዞ ላይ ያለ ነው፤ በሁለቱም የበራው ሽፋኑ የተቀደደ ነው።

ፍሎው ሳይቶሜትር ለሌለው የቅኝ (ከአንድ ሕዋስ የበቀለ ክምችት) ምርመራ አለ፤ እኔም መሣሪያው ቢኖር እንኳ አልተወውም። ባለ 6 ጉድጓድ ፕሌት ላይ በየጉድጓዱ 500 ሕዋስ ይዘራል፤ ሲጣበቁ ፕሮቲኑ ይጨመራል፤ ከ10 እስከ 14 ቀን ይጠበቃል። ከዚያ በሜታኖል ለ10 ደቂቃ ባለበት እንዲጸና ተደርጎ በ0.5 በመቶ ክሪስታል ቫዮሌት ይቀለማል፤ ይህ በመድኃኒት ቤት ጄንሺያን ቫዮሌት የምንለው ያው ሐምራዊ ቀለም ነው፤ ለላቦራቶሪ ግን ንጹሑን ዱቄት ይግዙ። 50 ሕዋስና ከዚያ በላይ ያለው አንድ ቅኝ ተብሎ ይቆጠራል፤ ቆጣሪው የትኛው ፕሌት የትኛው እንደሆነ ባያውቅ ይመረጣል። ካልታከመው 500 ውስጥ 200 ቅኝ ከበቀለ የመብቀል ብቃቱ 40 በመቶ ነው፤ ከታከመው 500 ውስጥ 80 ከበቀለ፣ 80 ለ200 ተካፍሎ የተረፈው ድርሻ 0.4 ይሆናል። ለ2 ሳምንት ፕሌት ማቆየት መብራት በሚጠፋበት ከተማ ቀላል አይደለም። መብራት ሲጠፋ የኢንኩቤተሩን በር አይክፈቱ፤ የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ የወረደበትን ፕሌት ውጤቱ ቢያምር እንኳ ይጣሉት።

ሕዋስ የነካው ፈሳሽ ሁሉ ከመደፋቱ በፊት ከመጨረሻው መጠን 10 በመቶ በሚሆን በረኪና ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ኤምቲቲ፣ ዲኤምኤስኦና የካንሰር መድኃኒት ያለበት ግን ከበረኪና ጋር ሳይቀላቀል በተለየ ዕቃ ይጠራቀማል።

የሠራው በእርግጥ ፕሮቲኑ ነውን?

ፕሮቲኑ ሲጨመር ውጤት መታየቱ የማስረጃው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ፕሮቲኑ ሲታገድ ውጤቱ መጥፋቱ ነው። አንቲቦዲው ከፕሮቲኑ ጋር ለ30 ደቂቃ ቀድሞ ይቀላቀልና ይጨመር፤ ከዚህ አልፎ ተቀባዩን በአጭር ጣልቃ ገብ አርኤንኤ (የአንድን ፕሮቲን መሠራት በሚገታ) ዝቅ አድርጎ ያንኑ ሙከራ መድገም ይቻላል። ተቀባይ የሌለው ሁለተኛው የሕዋስ ዘር እኩል ከሞተ፣ የገደለው ፕሮቲኑ ሳይሆን አብሮት የመጣ ነገር ነው ብሎ መጀመር ይገባል። የሞቱን መንገድ ለማወቅ ደግሞ ካስፔዞችን የሚያግደው ዜድቫድ 20 ማይክሮ ሞላር ቀድሞ ይጨመራል፤ ሕዋሱ በዚህ ከተረፈ ሞቱ በካስፔዝ በኩል ነበር ማለት ነው። በዌስተርን ብሎት ላይም በካስፔዝ የሚቆረጠው የፓርፕ ፕሮቲን ከ116 ወደ 89 ኪሎ ዳልተን ተቆርጦ ይታያል።

ስሌትና አጻጻፍ

በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ጉድጓዶች ሦስት ሙከራዎች አይደሉም፤ የአንድ እጅ የአንድ ቀን ሥራ ናቸው። አማካያቸው አንድ ቁጥር ሆኖ ይቆጠርና ሙከራው በተለያዩ ቀናት፣ በተለያየ ጊዜ ከተነሱ ሕዋሳት፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በርካታ መጠኖችን ከአንድ ማነጻጸሪያ ጋር ለማወዳደር አኖቫ የተባለው የስታቲስቲክስ ፈተናና ከእርሱ ቀጥሎ የደኔት ፈተና ይስማማሉ። በሪፖርቱ ላይ የሕዋሱ ዘርና ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ የተላለፈበት ጊዜ ቁጥር፣ የሴረሙ መጠን፣ የፕሮቲኑ ምንጭ፣ እንዲሁም በአገራችን ሁኔታ የቦታው ከፍታ፣ የተሞላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቶኛና የተለካው ፒኤች ይጻፉ። ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ላይ ሥራውን የሚደግሙ ባልደረቦች ወደ 650 ሜትር ያህል ዝቅ ብለው ስለሚሠሩ፣ ውጤታቸው ከደሴው ጋር ካልገጠመ ፕሮቲኑን ከመጠርጠራቸው በፊት ጠዋት ላይ አንድ ጠርሙስ ሚዲየም አውጥተው ፒኤቹን ይለኩ።